ጠባቂና ጠበቃ

አማርኛችን ተንኮለኛ ነው። «ጠበቀ» ከሚለው አንድ ግስ ሁለት ሰው አውጥቷል፤ አንዱ ጠባቂ፣ ሌላው ጠበቃ። ጎንደር ከተማ የመጀመሪያው በሽ ነው፤ ሁለተኛው ግን ብርቅ ነው።

የማወራው እስራኤል ለመግባት ስለሚጠብቁት ወገኖች ነው። ሌላው «ፈላሽ ሙራ» ይላቸዋል፤ እነሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ። ብዙዎቹ ገጠሩን ለቀው፣ ከብታቸውን ሸጠው ከተማ ገቡ። ቤት ተከራዩ፣ የቀን ሥራ ያዙ፣ ልጅ ወለዱ፣ ልጅ ዳሩ። «ላም አለኝ በሰማይ» ይባል የለ? እነዚህ ግን የምድሩን በሬ ሸጠው ነው የሰማዩን ላም የሚጠብቁት።

ውሳኔ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ውሳኔማ ሞልቷል! እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 «የመጨረሻው በረራ» ተብሎ ምዕራፉ ተዘጋ። በኅዳር 2015 ምዕራፉ እንደገና ተከፍቶ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ የቀሩ 9,000 ያህል ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲገቡ ተወሰነ። ከወራት በኋላ ደግሞ «በጀት የለም» ተባለ። የመጀመሪያዎቹ የበረሩት በጥቅምት 2016 ነው። አምስት ዓመቱ አለቀ፤ ወረፋው ግን አላለቀም። በኅዳር 2021 ሌላ ውሳኔ መጣ፦ 3,000 ሰዎች ይግቡ።

ፍርድ ቤት ብቅ ያለው ይሄኔ ነው። በየካቲት 2022 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን በጊዜያዊ እግድ አቆመው። አቤቱታውን ያቀረበው «ለምን ዘገየ?» ባይ አልነበረም፤ የመንግሥትን ውሳኔ የተቃወመ የኢሚግሬሽን ፖሊሲ ማዕከል ነው። እግዱ በመጋቢት ተነሣ፤ በረራው የቀጠለው በሰኔ መባቻ ነው። ማዕከሉ የመጠየቅ መብት አለው፤ በዚህ አልከራከርም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አንዱ ሲከራከር፣ ሌላው ሲመልስ፣ ዳኛው ሲያግድ፣ ጎንደር ያለው ሰው የክርክሩ ርእስ እንጂ የክርክሩ አፍ አይደለም።

«ጠበቃ ቢኖረውስ ምን ይጠቅመው ነበር?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የዲቪን ነገር እንመልከት። በ2020 የአሜሪካ መንግሥት ቪዛ መስጠት ሲያቆም ባለዕድሎች ዋሽንግተን ላይ ከሰሱ፤ ረቱም። ዳኛ አሚት ሜህታ ከበጀት ዓመቱ መዝጊያ ከመስከረም 30 በኋላም የሚሰጥ 9,095 ቪዛ እንዲቀመጥ አዘዙ። በ2024 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት «ቀኑ ካለፈ በኋላ ቪዛ አይሰጥም» ብሎ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ሻረው። እንግዲህ አዘግዪው መንግሥት፣ የሚያልፈው ቀን የባለዕድሉ!

ቢሆንም ልዩነት አለ። የዲቪው ሰው ቢረታም ቢረታበትም ስሙ ተጠርቷል፤ ለምን እንደቀረም ምክንያቱ በጽሑፍ ተነግሮታል። የጎንደሩ ጠባቂ ይህንንስ ከማን ይጠይቅ? ሁሉም ይግባ አልልም፤ ማን እንደሚገባ የሚወስነው የአገሩ ሕግ ነው። ግን «አይሆንም»ም እኮ መልስ ነው። «አይሆንም» የተባለ ሰው ያዝናል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ ወይ ይግባኝ ይላል ወይ ቤት ይሠራል። «ቆይ» የተባለ ሰው ግን ይግባኝም አይል፣ ቤትም አይሠራ።

ስለዚህ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም፦ ለእያንዳንዱ ፋይል የተቆረጠ ቀን፣ ምክንያቱ የተጻፈበት መልስ፣ ይግባኝ የሚባልበት ደጅ። ይህን መስጠት ያልቻለ መንግሥት ውሳኔ ሰጠሁ አይበል፤ ቀጠሮ ነው የሰጠው።