ማጠፊያ የሚያቃና እጅ

ለረጅም መንገድ ሹፌር ጋቢናው ቤቱ ነው። ከመቀመጫው ጀርባ ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ ከእግሩ ሥር የውኃ ጀሪካንና ትንሽ ምድጃ አለ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባህር ዳር የሚሄደው አውራ ጎዳና እንጅባራንና ዳንግላን ያቋርጣል፤ ወደ ቻግኒና ወደ መተከል የሚገነጠለው መንገድም የሚነሣው ከእንጅባራ ነው። እህል፣ ሲሚንቶ፣ የፋግታ ለኮማ ከሰል የጫነ መኪና በዚያ ያልፋል፤ ከመሸበትም እዚያው ያድራል። መኝታና ማብሰያ ባለው መኪና ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚጓዙ ፈረንጆችም ይህን መስመር ያውቁታል። የእኛ ሹፌር ግን መኪናው ውስጥ የሚያድረው ለሽርሽር ብሎ አይደለም፤ እንጀራው ነው። በሩ አልዘጋ ካለው እንቅልፍም አይወስደው፣ ጉዞውም አይቀናው።

በር በአንድ ቀን አይበላሽም። ሹፌሩና ረዳቱ ሲወጡና ሲወርዱ የተከፈተውን በር ይዘው ይንጠላጠላሉ። ያን ጊዜ የላይኛው ማጠፊያ ወደ ውጭ ይሳባል፣ የታችኛው ወደ ውስጥ ይገፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሸነፈውም የላይኛው ነው። እንጅባራ ደግሞ ዝናብ የማያጣት ደጋ ናት። ውኃና ጭቃ ግራሶውን አጥቦ ማጠፊያው ውስጥ ይገባል፤ ፒኑ በአንድ ጎኑ ይበላል፣ ክብ የነበረው ቀዳዳ ሞላላ ይሆናል። በሩ ወደ ታች ሲወርድ ቁልፉ ከመያዣው ጋር መገናኘቱን ይተዋል። ሹፌሩም እንዲዘጋለት በኃይል ይወረውረዋል። ማጠፊያውን በመጨረሻ የሚሰነጥቀው ይህ ውርወራ ነው።

እንጅባራ ውስጥ፣ መንገድ ዳር ከቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሠራ አንድ በያጅ እንዲህ ያለውን በር ሲያቃና ቆሜ አይቻለሁ። አይሱዙውን ያመጣው ሹፌር ቸኩሏል።

«አያ፣ ዝም ብለህ በይድልኝና ልሂድ» አለው።

«ከበየድሁትማ መች ይከፈትልሃል? ትንሽ ታገሠኝ ወንድም ዓለም።»

መዶሻም ኤሌክትሮድም አላነሣም። በሩን ዘጋና ፊት ለፊቱ ቆሞ በበሩና ማጠፊያዎቹ በታሰሩበት ምሰሶ መካከል ያለውን ክፍተት ተመለከተ። ከላይ ሰፍቷል፣ ከታች ጠብቧል። ከዚያ ገርበብ አደረገውና በአንድ እጁ የበሩን ጫፍ ወደ ላይ እያነሣ፣ የሌላውን እጁን ጣት ማጠፊያው ላይ አሳረፈ። የሚንቀሳቀሰው ፒኑ ይሁን ቡሎኑ በዓይን አይለይም፤ ጣት ግን ይለየዋል። ቡሎን ላልቶ ከሆነ ሥራው ማጥበቅ ብቻ ነው፤ ይህን ሳይለይ ወደ ብየዳ የሚሮጥ ሰው የደንበኛውን ገንዘብ ያባክናል።

ቡሎኖቹን ከመፍታቱ በፊት የማጠፊያውን ዙሪያ በምስማር ጫፍ ቀለሙ ላይ ጫረ። መልሶ ሲገጥመው ቦታውን በግምት አይፈልግም። በሩን ከሥር በጣውላ ደገፈው፤ ቀለሙ እንዳይፈገፈግ በጣውላውና በበሩ መካከል ያረጀ ካላማዳሪያ አጥፎ አስገባ። ፒኑ ተመትቶ ሲወጣ አንድ ጎኑ እንደ አዲስ ክብ ነው፣ ሌላው ጎኑ ጎድጉዶ ያብለጨልጫል። የማጠፊያው ክንፍም በቡሎኑ ቀዳዳ አጠገብ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረችበት።

አዲስ ማጠፊያ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ግን ደውሎ ማፈላለግ፣ ገንዘብ መላክ፣ ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ እስኪመጣ መኪናውን ማቆም አለ። በያጁ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ክምሩ ሄዶ ከጥቅም ውጭ የሆነ አሞርዛተር መዘዘ። የአሞርዛተር ዘንግ ጠንካራና ልሙጥ ብረት ነው፤ ከእሱ የተቆረጠ ፒን በቶሎ አይበላም። የሞላለውን ቀዳዳ በትራፓኖ አስፍቶ ክብ ካደረገው በኋላ፣ ቶርኖ ቤት ያስወጣውን ቀጭን የነሐስ ቦኮላ በሞርሳ ተጭኖ አስገባበት። ምርጫው በብልኃት ነው። ጠንካራው ፒንና ለስላሳው ነሐስ ሲፋተጉ የሚያልቀው ነሐሱ ነው። ከዓመታት በኋላ በሩ እንደገና ቢወርድ የሚለወጠው ያች ቁራጭ ብቻ ናት፤ ማጠፊያው ደኅና ይቆያል።

ስንጥቋን እንዳለች አልበየዳትም። መጀመሪያ ጫፏ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በሳ፤ የስንጥቅ ጫፍ ሹል እስከሆነ ድረስ ውጥረቱ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባልና መሮጧን አትተውም፣ ክብ ቀዳዳ ስታገኝ ግን ትቆማለች። ከዚያ ብየዳው ሥሯ ድረስ እንዲገባ በግራይንደር ቦይ አድርጎ ከፈታት። ክንፉን በወፍራም ላሜራ ላይ አጥብቆ አሰረና የጣት ጥፍር በምታህል ርዝመት በየደ፣ ቆመ፣ ከሌላው ጫፍ ጀመረ፣ እንደገና ቆመ። በአንድ ትንፋሽ የተበየደ ብረት ሲበርድ ይጣመማል። ሹፌሩ ሰዓቱን ያያል፣ በያጁ ብረቱን ያያል። ቀይነቱ ሲጠፋ አመድ ውስጥ ቀበረው፤ ውኃ አላስነካውም።

ከሁሉ ልቤን የወሰደው ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው። የታችኛውንም ፒን አወጣና የላይኛውን ማጠፊያ በጫረው ምልክት ላይ ለቀቅ አድርጎ ካሠረ በኋላ፣ በሁለቱ ባዶ ቀዳዳዎች መካከል ሲባጎ አሳልፎ ወጠረ። አንድ በር ሁለት ማጠፊያ ቢኖረውም የሚዞረው በአንድ መስመር ላይ ነው። ሁለቱ ፒኖች በዚያ መስመር ላይ ካልተሰለፉ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር አንዱ ሌላውን ይጠመዝዘዋል፤ ጥገናውም ከዝናቡ ወር አያልፍም። ቱንቢ እዚህ አይረዳም፤ የጋቢና ምሰሶ ዘንበል ያለ ነውና። ሲባጎው ግን ዘንበል ያለውንም ቀጥ ያለውንም እኩል ያሳያል። በያጁ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቀዳዳው ውስጥ አየ፤ ሲባጎው ከመሃል ወደ ጎን ትንሽ ሸሽቷል። ከወተት ጣሳ ቁራጭ ቆርቆሮ ቆርጦ ከማጠፊያው ሥር አስገባ፤ አየ፤ አወጣው፤ በሌላ፣ ከእሱ በሳሳ ለወጠው። ሲባጎው መሃል ላይ ሲያርፍ ቡሎኖቹን አጠበቀ።

ፒኖቹን በግራሶ ለውሶ ከተተና በሩን በሁለት ጣት ገፋው። አንድ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ሁለት ድምፅ ቢሆን ኖሮ ቁልፉ መጀመሪያ የመያዣውን ከንፈር እየመታ ነው ማለት ነበር።

እንዲህ ያለ እጅ ሳይ፣ በዚህ አገር ለብረት ሠሪ የተሰጠው ስም ያሳዝነኛል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ የሚያኮራ በዓል ይዞ ቆይቷል፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ በፈረስ ስትደምቅ የሚታየው ልጓምና እርካብ ግን የአንጥረኛ እጅ ሥራ ነው። ያን አንጥረኛ ስንት ዘመን «ቡዳ» እያልን ከማዕድ አራቅነው። በ1900 ዓ.ም የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲገባ፣ በዚያው ዓመት ዐፄ ምኒልክ ባለ እጁን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። መኪናው በየመንደሩ ደርሷል። አዋጁ ገና ሁሉም ልብ ውስጥ አልገባም።

ወደ ማጠፊያው ልመለስ፤ መኝታ ያለው የፈረንጅ መኪና ቢመጣስ? የዚያ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ስስ አሉሚኒየም ወይም ፋይበር ግላስ ነው፤ ውስጡ እንጨትና ስፖንጅ ስለሆነ ብየዳ ያቃጥለዋል። እዚያ የሚሰበረው ማጠፊያው ሳይሆን ቪቴዎቹ የነከሱት ግድግዳ ነው። መፍትሔው ግን ከአይሱዙው ጥገናም የረከሰ ነው፦ ከውስጥ በኩል ሰፋ ያለ ላሜራ ማስደገፍ፣ ቪቴውን ግድግዳውን አልፎ በሚወጣ ቡሎንና ዳዶ መለወጥ፣ ውኃ እንዳይገባ በመካከሉ ካላማዳሪያ ማድረግ። ቅጥቅጥ አውቶቡስ የሠራ እጅ ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ሹፌሮች፣ ዛሬ ማታ መኪናችሁን ስታቆሙ በሩን ግማሽ ከፍታችሁ ጫፉን ወደ ላይ አንሡት። ከተንቀጠቀጠ ስንጥቅ እስኪያወጣ አትጠብቁ፤ ቡሎን ማጥበቅ ወይም ግራሶና አንድ ፒን ይበቃዋል። በያጅ ዘንድ ከሄዳችሁም ሲባጎ ሲወጥር አታስቸኩሉት፤ ሒሳብ ስትከፍሉም ለኤሌክትሮዱ ብቻ ሳይሆን ለዚያም ጊዜ ክፈሉት።