ባልደራባ የሌለው እንግዳ

በጎንደር ነገሥታት ዘመን ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ጉዳዩን ወደ ንጉሥ ለማቅረብ ሲፈልግ በቀጥታ ከአዳራሹ አይገባም ነበር፤ አስቀድሞ ባልደራባ ይሰጠዋል። ባልደራባ የሚባለው የውስጡን ደንብ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ የእንግዳውን ጉዳይ የሚያስፈጽምለት፣ መቼ መናገርና መቼ ዝም ማለት እንደሚገባው የሚመክረው ሰው ነው። ባልደራባ ያላገኘ ሰው ደጅ ሲጠና ወራት ቢያልፉም «ምን ፈልገህ ነው?» የሚለው አያገኝም። ይህን የቆየ ወግ ማንሣታችን የቤተ መንግሥትን ታሪክ ለመጻፍ አስበን አይደለም፤ ብቻውን ወደ ትንሽ ከተማ ስለሚገባ ሰው የተጻፉትን መጻሕፍት ለመመርመር ስንነሣ ከዚህ የተሻለ መለኪያ ስላላገኘን ነው። ከተማ ትልቅ ሲሆን እንግዳውን ሳያየው ያሳድረዋል፤ ትንሽ ሲሆን ግን ገና ከአውቶቡስ ሳይወርድ ያየዋል። ስለዚህ የእንዲህ ያለ ታሪክ ጸሐፊ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ፣ በሩን የከፈተለት ማን ነው የሚለው ነው።

እኛ ራሳችን በወጣትነታችን ለሥራ ወደ ጎንደር በተላክን ጊዜ በከተማው የምናውቀው አንድም ሰው አልነበረም። በቀሐ አቅራቢያ የሚከራይ ክፍል እንዳለ ሰምተን ከአንዲት እናት ደጅ ብንደርስ፣ ስለ ኪራዩ ገንዘብ ከመነጋገራችን በፊት «የማን ልጅ ነህ? ከወዴት ነህ? ማን ያውቅሃል?» ተባልን። ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ነበረን። ለሦስተኛው ግን የያዝነውን የሹመት ደብዳቤ አውጥተን ከማሳየት በቀር የምንለው አጣን። እማማም ወረቀቱን አየት አድርገው «ልጄ፣ ይህማ የጻፈው ሰው እዚህ የለም» አሉን። በማግሥቱ የመሥሪያ ቤታችንን ዘበኛ ይዘን ተመለስን። ዘበኛው ከደጁ ቆሞ የተናገረው «የኛ ነው» የሚል ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ ክፍሉም ወዲያው ተሰጠን። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስለ እንግዳ የተጻፈ መጽሐፍ በእጃችን ሲገባ ያንን ዘበኛ ወይም የእርሱን ቢጤ በገጾቹ መካከል መፈለግ ልማዳችን ሆኗል። ብዙ ጊዜ አናገኘውም።

ወደ ጎንደር ከገቡ እንግዶች ሁሉ በመጽሐፉ ይበልጥ የታወቀው የስኮትላንዱ ተወላጅ ጀምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ጎንደር የገባው በየካቲት 1762 ዓ.ም. ሲሆን ለቆ የወጣው በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ነው፤ መጽሐፉን ግን ያሳተመው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1790፣ በአምስት ትላልቅ ጥራዞች ነው። በገባበት ጊዜ ወጣቱ ንጉሥ ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖትና ራስ ሚካኤል ስሑል ለዘመቻ ወጥተው ስለ ነበር፣ ከየአገሩ የሰበሰበው የአደራ ደብዳቤ ለጊዜው የሚያነብለት አላገኘም። መጀመሪያም ያረፈው በሙስሊሞች ሰፈር ነው። በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኖ ነበርና ሰፈራቸው በቀሐ ወንዝ በኩል ነበር። እንግዲህ ልብ ይሏል፤ ለዚህ መንገደኛ በጎንደር የመጀመሪያውን በር የከፈቱለት ራሳቸው ከከተማው ዳር እንዲቀመጡ የተደረጉት ሰዎች ናቸው። ብሩስ ይህን ጽፎታል፤ ነገር ግን ብዙ አይቆይበትም። ዐይኑ ወደ ግንቡ ነው።

ሁለተኛው በር የተከፈተለት በቍስቋም ነው። በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ ሕፃናቱ በታመሙ ጊዜ፣ እርሱ እንደሚተርከው፣ የታፈነውን ቤት መስኮቱንና በሩን አስከፍቶ በዕጣንና በከርቤ እያጠነ አስታመማቸው፤ በዚህም ምክንያት የእቴጌይቱን ልጅ የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነት አገኘ። ወይዘሮ አስቴር የራስ ሚካኤል ባለቤት ስለ ነበሩ ከዚያ በኋላ ያልተከፈተለት ደጅ የለም ማለት ይቻላል። መጽሐፉን ከማንኛውም ገጽ ይልቅ በዚህ ላይ እናመሰግነዋለን። እንግዳውን ከከተማው ያስማማው የያዘው ፈርማን ወይም የኮከብ መመልከቻው ሳይሆን የእናት ጭንቀት መሆኑን፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ በግልጽ አሳይቶናልና።

ከዚህ በኋላ ግን የምንወቅሰው ነገር ይመጣል። ብሩስ ወደ ጎንደር ብቻውን አልመጣም። የቦሎኛው ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ወጣት ሠዓሊ አብሮት ነበር። ሥዕሉን የሚሥልለት፣ የየዕለቱን መንገድና የአየሩን ጠባይ የሚመዘግብለት እርሱ ነው። በ1763 ዓ.ም. መጀመሪያ ብሩስ ወደ ግሽ ዓባይ በሄደ ጊዜ ባሉጋኒ አብሮት እንደ ሄደ የባሉጋኒ የራሱ ማስታወሻ ይመሰክራል። በዚያው ዓመት ጎንደር ላይ ታሞ ሞተ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ጓደኛው ከምንጩ ጉዞ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ አስቀመጠውና ከምንጩ ዳር ብቻውን ቆሞ ታየ።

በጊዜው የሎንዶን ሰዎች ብሩስ ስለ ምግባችንና ስለ ልማዳችን የጻፈውን ሁሉ ተረት ነው እያሉ ይሥቁበት ነበር። ኋላ የመጡ መንገደኞች ካረጋገጡለት ነገር ብዙ ነው። እንግዲህ እነዚያ ተቺዎች እውነቱን ሐሰት ሲሉ ከእውነተኛው ሐሰት አጠገብ ሳያዩት አለፉ! አንዳንድ የታሪክ ሊቃውንት ይህን የብሩስን ሥራ እንደ ክብር መሻት ብቻ ቈጥረው ይተዉታል። በእኛ አስተያየት ግን ጥፋቱ የጠባይ ብቻ ሳይሆን የድርሰትም ጥፋት ነው። ሁለት የባዕድ አገር ሰዎች በአንድ ቤት ውስጥ ሲያመሹ ምን ተባባሉ? አንዱ ሲታመም ሌላው ውኃ ያቀበለው በምን ቋንቋ እየለመነ ነው? ጎረቤት መጥቶ ነበርን? ከዚህ ሁሉ የጎንደርን ሰው ከነርኅራኄው ለማወቅ እንችል ነበር። ብሩስ ብቸኛ ጀግና ለመሆን ሲል በመጽሐፉ ውስጥ እውነተኛ ብቸኝነት የሚገኝበትን ገጽ ቀደደ። ስለዚህ አምስቱን ጥራዝ ጨርሰን ስንዘጋ ጦሩንና አደባባዩን፣ የመኳንንቱን ሽርክና እናውቃለን፤ ከመጣ በኋላ በመጀመሪያው ክረምት ምን እንደ ተሰማው ግን አናውቅም።

የብሩስን ስሕተት ያልሠራ፣ ምክንያቱም ሊሠራው የማይችል፣ ሌላ የጎንደር እንግዳ አለ፤ እርሱም የቆሎ ተማሪ ነው። አቋቋም ለመማር ወደ በዓታ፣ ትርጓሜ ለመስማት ወደ መምህራኑ ጉባኤ ሲል ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ ብቻውን የሚመጣ ልጅ ለብዙ ዘመን የዚህች ከተማ የተለመደ እንግዳ ነበር። ስሙን የሚጠራው የለም፤ በመጣበት አገር ይጠራል። ባልደራባው ቀድሞት የመጣው ተማሪ ነው። ጎጆ ይሠራለታል፣ ወይም በጎጆው ያስጠጋዋል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የትኛው ደጅ እንደሚሰጥ፣ በየትኛው ደጅ ክፉ ውሻ እንዳለ ያስተምረዋል። ይህ የመጨረሻው ከዜማው ትምህርት በፊት የሚሰጥ ነው ብለው በሣቅ የሚያወሩ አባቶች ሰምተናል።

ስለ እንዲህ ያለ ኑሮ ከተጻፉት ውስጥ መንግሥቱ ለማ አባታቸው እየተናገሩ ጽፈው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ» ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘናል። ሽማግሌው ከአስተማሪ ወደ አስተማሪ የተዘዋወሩበትን ዘመን ሲተርኩ ራሳቸውን ብቻ አያወሱም፤ ሰው በሰው ላይ ይደራረባል። ልጃቸውም የአነጋገራቸውን ለዛ ሳያርሙ ማስቀረታቸው ትልቅ ጥበብ ነው። ይህ መጽሐፍ ተጽፎ ባይቈይ ኖሮ፣ ስለዚህ ዐይነት እንግዳ ያለን ዕውቀት ከአረጋውያኑ ጋር በተቀበረ ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህም የዚሁ ወገን ነው፤ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ያስገባው ባልደራባ ትምህርቱ ነበር። ስለ እርሱ ብዙዎች ጽፈዋልና እኛ እናልፋለን።

አሁን ከጎንደር ወጥተን ወደ ደብረ ሲና እንሄዳለን፤ ምክንያቱም በአማርኛ ልብ ወለድ፣ ዘመናዊ ትምህርት የተማረ ወጣት ብቻውን ትንሽ ከተማ ሲገባ የሚሆነውን ከማንም በላይ በድፍረት ያሳየው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» የሚተረከው በዚያ ነው። መጽሐፉ በ1962 ዓ.ም. ታተመ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የታዘዘው በ1957 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ አደፍርስን የመሰሉ ወጣቶች በዚያን ጊዜ በየአውራጃው ከተማ ይታዩ ነበር፤ ጎንደርም ብዙዎችን ተቀብላለች።

መጽሐፉ በወጣ ጊዜም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ ንግግር በዛበት የሚል ወቀሳ ሲቀርብበት ኖሯል። በዚህ አንስማማም። ትንሽ ከተማ እንግዳውን የሚመዝነው በንግግሩ ነው፤ ሌላ ሚዛን የለውም። ደራሲው የዚያው አካባቢ ተወላጅ ስለ ሆነ ወይዘሮ አሰጋሽንና የመንደሩን ሰዎች በገዛ አንደበታቸው አናግሯቸዋል፤ ለእንግዳው መድረክ ማስጌጫ አላደረጋቸውም። አደፍርስ ስለ ለውጥ፣ ስለ ባህል፣ ስለ ሥልጣኔ ሲናገር ቃሉ ከመጽሐፍ የወጣ ነው፤ እነርሱ የሚመልሱለት ግን ከዕድሜያቸው አውጥተው ነው። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፣ ነገራቸው ለእነርሱ የለሰለሰውን ያህል ለእርሱ ይጐረብጠዋል። አንባቢም በልቡ ከአደፍርስ ጋር እየተስማማ፣ በጆሮው ግን ወደ ወይዘሮዪቱ ያዘነብላል። ይህን ሁለት ዐይነት ስሜት ባንድ ጊዜ መቀስቀስ ቀላል ሥራ አይደለም።

አደፍርስ የሚያሳዝነን ባልደራባ ስለሌለው ነው። የላከው መሥሪያ ቤት ሩቅ ነው። በከተማው ውስጥ ስለ እርሱ «የኛ ነው» የሚል አንድ ሰው አይቆምለትም፤ እርሱም እንዲህ ያለው ሰው እንደሚያስፈልገው አይጠረጥርም፤ ሐሳቡ ትክክል ከሆነ ይበቃል ብሎ ያምናልና። መጨረሻውን ላላነበበ ሰው ከዚህ ላይ አንናገርም። ደራሲው ግን ስሙን አደፍርስ ያለው ያለ ነገር አይደለም፤ ውኃውን የሚያደፈርስ ሰው ከውኃው መጠጣት እንደሚያምረው ሳይረሳ የጻፈው ነው።

ወደ ጎንደር እንመለስ። የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ሲቋቋም የጤና መኰንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎች ሊሠለጥኑበት ከየጠቅላይ ግዛቱ መጡ። ኮሌጁ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወዲህም በትምህርት ሚኒስቴር እየተመደቡ የሚመጡት ወጣቶች፣ ከመምህራኑና ከሐኪሞቹ ጋር፣ በየዓመቱ በማራኪና በአዘዞ ክፍል ፍለጋ ይዞራሉ። ስለ እነርሱ የሚጻፉ አጫጭር ልብ ወለዶች አልጠፉም። ብዙዎቹን ስናነብ ግን ታሪኩ ከፋሲል ግንብ ይጀምርና በጥምቀት ዕለት፣ ከቀሐ በሚመጣው ውኃ በሞላው መዋኛ ዳር፣ በፍቅር ይፈጸማል። እንግዳው በመካከሉ የት እንዳደረ፣ እንጀራውን ማን እንደ ጋገረለት፣ ቢታመም ማን እንደ ጠየቀው አንድ መስመር አይገኝበትም። ግንቡን ለማየት የመጣ ሰው በሦስተኛው ቀን ይመለሳል፤ ለመኖር የመጣ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን ግንቡን ትቶ ጎረቤቱን ማየት ይጀምራል። ጸሐፊዎቻችን በቱሪስቱ ዐይን የኗሪውን ታሪክ መጻፋቸውን ቢተዉ ይሻላል እንላለን።

ከዚህም የከበደ ጉድለት አለ። እስካሁን የጠራናቸውን እንግዶች አንባቢ አንድ ጊዜ መለስ ብሎ ይቍጠራቸው፤ ብሩስ፣ ባሉጋኒ፣ የቆሎ ተማሪው፣ በዛብህ፣ አደፍርስ። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ወንድ ብቻውን ሲመጣ ከተማው «የማን ልጅ ነህ?» ይለዋል። ሴት ብቻዋን ስትመጣ ግን ከዚህ በላይ ትጠየቃለች፤ ለምን ብቻሽን መጣሽ፣ ባልሽ የት ነው፣ ማታ የሚመጣው ሰው ማን ነው ትባላለች፤ ባትጠየቅም የማትጠየቀው ጥያቄ ከተጠየቀችው ይልቅ ይከብዳታል። በዚያው ኮሌጅ ተምረው ብቻቸውን ወደማያውቁት ወረዳ የተላኩ ነርሶች ብዙዎች ናቸው። እነርሱን ከመንደሩ ጋር ያስማማቸው እንደ ብሩስ ሁሉ የታመመ ሕፃንና የተጨነቀች እናት ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ነገር ግን አምስት ጥራዝ ቀርቶ አንድ ቀጭን መጽሐፍ የጻፈላቸው አላየንም።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቢጻፍ ማወቅ የምንፈልገው ጥቂት ነገር ነው። ነርሷ ሻንጣዋን ይዛ ስትቆም ስለ እርሷ የተናገረላት ማን ነበር? ከግቢው ሴቶች ጋር እንድትቀመጥ በርጩማ የቀረበላት በየትኛው ቀን ነው? የቤቱ ባለቤት፣ በረካውን ሳትጠጣ ልትነሣ ስትል፣ እንደ ገዛ ልጇ የተቈጣቻት በስንተኛው ወር ነው?