የመቃብር ጽሑፍና የለቅሶ ቀልድ፤ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ በመነሣት

ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ የሚጽፉ ሰዎች የመቃብርን ጽሑፍ ከሥነ ጽሑፍ ወገን አይቈጥሩትም፤ የታሪክ ጸሓፊዎችም ከድንጋዩ ላይ የሚፈልጉት ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የተቀረጸው ቃል ማንም ሳይመረምረው ይነበባል፤ ማንም ሳይገለብጠውም ይጠፋል። ለዚህ ቸልታ ረዳት የሆነው አንድ የተለመደ ፍርድ አለ፤ ይኸውም ሐበሻ በሞት አይቀልድምና በመቃብሩ ላይ ፈገግ የሚያሰኝ ወይም በልብ የሚቀር ነገር አይገኝም የሚለው ነው። ፍርዱ በግማሹ እውነት፣ በግማሹ ስሕተት ነው። እውነቱ ስለ ድንጋዩ ነው፤ ስሕተቱ ስለ ሰዎቹ።

በምዕራብ አዲስ አበባ ኮልፌ 18 ማዞሪያ የሚባለው ሠፈር ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ስፍራ ነው። ክፍለ ከተማው ኮልፌ ቀራንዮ ይባላል፤ ቀራንዮ ደግሞ የራስ ቅል ስፍራ ማለት መሆኑን ወንጌል ያነበበ ሁሉ ያውቃል፤ ታክሲ የሚጠብቀው መንገደኛ ግን ስሙን ሲጠራ ይኸን የሚያስበው አይመስልም። በኮልፌ የሙስሊሞች መካነ መቃብር አለ፤ ክርስቲያኑም በየአጥቢያው ይቀበራል። ሸማኔው ዶርዜ፣ ነጋዴው ጉራጌና ስልጤ፣ ኦሮሞውና አማራው ሰው በሞተ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በአንድ የእድር ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ። እንግዲህ ተመልካች በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ነገር ለማነጻጸር ይችላል፤ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተጻፈውንና በድንኳኑ ውስጥ የሚባለውን።

በሙስሊሙ በኩል ቃሉ የተመጠነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በመቃብር ላይ መገንባትንና መጻፍን የሚከለክል ሐዲስ ስላለ፣ የሟቹ ስምና አጭር ዱዓእ ከተጻፈ እርሱም ለብዙዎች ከበቂ በላይ ነው። የሆነ ሆኖ ጽሑፉ በዚህች አገር አዲስ አይደለም፤ በትግራይ በኲሓ ከ10ኛው እስከ 12ኛው መቶ ዓመት የተቀረጹ ዐረብኛ የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል፤ በዳህላክ ደሴትም እንዲሁ።

በክርስቲያኑ በኩል ድንጋዩ የተከለከለ ሳይሆን የተደነገገ ነው ማለት ይቻላል። የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የተወለዱበት ቀን፣ ያረፉበት ቀን፣ ከዳዊት ወይም ከጳውሎስ መልእክት አንድ ጥቅስ፣ ከዚያም ሐውልቱን ያሠሩት ልጆች ስም ይከተላል። ይህ ሥርዐት ትናንት የመጣ አይደለም። በኤርትራ ሐም በተባለው ስፍራ የተገኘው የግእዝ ጽሑፍ የመንገሻ ልጅ ጊሆ የተባለች ሴት መቃብር ነው፤ እርሱም ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የሞተችበትን ወርና ቀን ከነገረ በኋላ ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት ቃል ይሻገራል። በመካከለኛው ዘመን የተቀረጸው ያ ድንጋይና በቅርቡ በአዲስ አበባ በዕብነ በረድ የተመረቀው ሐውልት በአሠራር ቢራራቁም በቃል አቀማመጥ ወንድማማች ናቸው። አንባቢ ስለ ጊሆ ምን ዐወቀ? የማን ልጅ እንደ ነበረችና መቼ እንደ ሞተች። ስለ ጠባይዋ አንዳች አልተነገረውም። የዛሬውም ሐውልት የባሰ እንደሆነ እንጂ የተሻለ አይደለም፤ ደግ፣ ታጋሽ፣ ለጋስ፣ ሰው አክባሪ እያለ ለሁሉም አንድ ዐይነት ምስጋና ሲያከፋፍል ሰውየውን ከጎረቤቱ መቃብር ለመለየት ያስቸግራል። የአርሲ ሰዎች በመቃብር ድንጋያቸው ላይ ፈረሱንና ጦሩን በሥዕል ሲቀርጹ አንድም ፊደል ሳይጽፉ ከዚህ የበለጠ ተናግረዋል።

ወደ ድንኳኑ የተመለሰ እንደሆነ ግን ሌላ ዓለም ያገኛል። ሙሾ አውራጅዋ የሟቹን ምግባር ስታነሣ ያልተሸፈነውን ትሸፍናለች፣ የተሸፈነውንም ትገልጣለች፤ ንፉግነቱን በቁጠባ ስም፣ ጠበኛነቱን በጀግንነት ስም ታመሰግናለች፤ ለቀስተኛውም ደረቱን እየመታ ከንፈሩን ይነክሳል። ቋንቋው ራሱ ይረዳታል፤ «አፈር» የሚለው ስም «አፈረ» ከሚለው ግሥ አጠገብ መኖሩ ብቻ ለአንዲት ብልህ አልቃሽ የግማሽ ቀን ሥራ ይሆናል፤ ስለ አፈር በተናገረች ቍጥር ሰሚው ማን እንዳፈረ በልቡ ይጠይቃልና። ማታም በድንኳኑ ካርታ ይጫወታሉ፤ የሟቹን ሞኝነትና ብልጠት ይተርካሉ፤ ኀዘንተኛው ራሱ ሳይቀር የሚስቅበት ጊዜ አለ። ይኸን የሚነቅፉ ካህናት አሉ፤ ተስፋ እንደሌላቸው አታልቅሱ ብለው ወደ ተሰሎንቄ መልእክት ይመራሉ። ነቀፋቸው ግን ሙሾውን አላጠፋውም።

እንግዲህ ሳቁ ከድንጋዩ ሃምሳ እርምጃ ርቆ እያለ ወደ ድንጋዩ የማይሻገረው ስለምንድን ነው? ምክንያቱን የሕዝቡ ኀዘንተኛነት ነው ማለት አያስኬድም። እውነተኛው ምክንያት የሰምና ወርቅ ጠባይ ነው። ሰምና ወርቅ የሚኖረው በሚሰማውና በሚያውቀው ሰው መካከል ነው፤ ተናጋሪው ቢጠየቅ ሰሙን ይዞ ለመሸሽ ይችላል። ድንጋይ አይሸሽም። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ የመጣ መንገደኛ የንፉጉን ነገር ካላወቀ ምስጋናውን እንደ ምስጋና ይወስደዋል፤ ያወቀ እንደሆነ ደግሞ የሟቹ ልጆች ያፍራሉ። በዚህ ላይ አሠሪው ቤተሰቡ ነው፣ ቦታውን የሚሰጠው ደብሩ ነው፣ የሚያስመርቀውም በእድርተኛ ፊት ነው፤ ሦስት ባለቤት ያለው ጽሑፍ ሊቀልድ አይችልም።

የሩማንያን መንደር ሳፓንጻን ብዙ ሰዎች በምሳሌነት ያነሡታል። በዚያ ስታን ዮዋን ፓትራሽ (1908–1977 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የተባለው ጠራቢ ከ1935 ጀምሮ በሰማያዊ ቀለም የተቀቡ የእንጨት መስቀሎች ላይ የሟቾችን ሥዕልና ግጥም ይቀርጽ ነበር። ሟቹ ራሱ እየተናገረ መጠጥ መውደዱን፣ ከአማቱ ጋር መጣላቱን ይናዘዛል። ምሳሌው ያማረ ነው፤ ነገር ግን ልብ ማለት የሚገባው፣ ሳፓንጻ አንድ መንደርና አንድ ጠራቢ መሆኑ ነው። ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት መንደር ድንኳን ማለት ነው፤ እዚያ መስቀሉ የሙሾ አውራጅዋን ሥራ ቢሠራ አያስደንቅም። አዲስ አበባን እንደ ሳፓንጻ ለማድረግ የሚመኝ ሰው ይኸን ረስቷል።

ይልቅስ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የበለጠ የሚያስተምረው የልዑል ዓለማየሁ መታሰቢያ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞተ፤ በዊንድሰር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎትም ተቀበረ። በናስ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ከማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ስለ እንግዳ መቀበል የተነገረው ቃል ነው። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ያ ቃል «መውሰድ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለሆነ፣ ጻፊዎቹ ርኅራኄን ሲናገሩ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ስለ መወሰድ ያነባል። በአማርኛ ቢተረጎም ነገሩ ይብሳል፤ «ተቀበለ» እና «ተቀበረ» በጥብቀታቸው እንኳ አንድ ሆነው የሚለዩት በ«ለ»ና በ«ረ» ብቻ ነውና። ማንም ሊቀልድ አላሰበም። ሆኖም የኢትዮጵያ ሰው ካነበባቸው የመቃብር ጽሑፎች ሁሉ እጅግ መራራ ሰምና ወርቅ ያለበት ይህ ነው፤ የልዑሉ ዐፅም እንዲመለስ የቀረበው ጥያቄ በ2015 ዓ.ም. እንደገና እንቢታ ካገኘ በኋላ ደግሞ ወርቁ ከሰሙ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ድንጋይ ሊቀልድ ሲነሣ ሳይሆን ሳያስብ ሲቀር ወርቅ ያገኛል የሚል ነው። በከተማይቱ መቃብሮችም እንዲሁ ሆኖ ይታያል። አንዳንዱ ስሕተት ነው፤ ልደቱ በአውሮፓ፣ ሞቱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ተጽፎ ዕድሜው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያጠረበት ሰው አለ፤ ጠራቢው «አረፉ» በሚለው ቃል መካከል አንዲት «ፈ» አስቀድሞ «ፉ»ን ወደ «ዱ» ቢለውጣትማ ሟቹ ለቀብራቸው እንዳረፈዱ ይነበባል። የተሻለው ግን የቅጽል ስም ነው። ከረጅሙ የዓለም ስምና ከግእዙ የክርስትና ስም በኋላ፣ በትንንሽ ፊደል፣ በቅንፍ ውስጥ፣ ሠፈሩ ሲጠራው የነበረው ስም አልፎ አልፎ ይገባል። ሰባ ዓመት ሙሉ ማሙሽ ሲባል የኖረ ሽማግሌ ማሙሽ ሆኖ ይቀበራል። የክርስትና ስሙ ለእግዚአብሔር ነው፤ የአባቱ ስም ለመንግሥት ነው፤ በቅንፍ ያለው ግን የድንኳኑ ስም ነው። ከሐውልቱ ቃል ሁሉ በሙሾ አውራጅዋ አፍ ያደረው እርሱ ብቻ ነው፤ እንደ ሥነ ጽሑፍም ከምስጋናው ዝርዝር ሁሉ ይበልጣል።

ተመራማሪዎች ይኸን አልሰበሰቡትም። ማርሴል ኮኸን በ1924 የሸዋን አማርኛ ግጥሞች አሳትሟል፤ ኤኖ ሊትማንም ከ1910 እስከ 1915 በወጡት መጻሕፍቱ የትግረን ሕዝብ ግጥም ከነሙሾው አትሟል (ሁሉም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ለቃል ይህን ያህል የተደከመውን ያህል ለድንጋዩ አልተደከመለትም። የአንድን ሰው ሙሾና የዚያኑ ሰው ሐውልት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነጻጽር ሥራ ነው የሚያስፈልገው፤ አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ነውና።

ጊዜውም ጠባብ ነው። በአዲስ አበባ የመቃብር ቦታ ስለጠበበ በአንዳንድ አድባራት አሮጌ ሐውልቶች እየተነሡ ነው፤ ዐፅሙ ይሰበሰባል፤ ድንጋዩ በአጥር ሥር ይከመራል ወይም ይሰበራል። በምትኩ የመጣው ፉካ ነው። የፉካው መዝጊያ ጠባብ ስለሆነ ደግን፣ ታጋሽንና ለጋስን ሁሉ ለማስፈር አይበቃም፤ ስሙና ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ፎቶግራፍ፣ ቦታ ከተረፈም ቅንፉ።