የራስ ቅሉና ባዶው ግድግዳ

«ይኸ ሥዕል ምን ደብቋል?» የሚለው ጥያቄ በመካከላችን እንደ ሂስ መቆጠር ከጀመረ ሰንብቷል። ሥዕል ሲቀርብልን ገና ቀለሙን ሳናይ ወርቅ ፍለጋ እንቆፍራለን፤ ሰሙ እንዳልነበረ ይጣላል። ቅኔ የለመደ ሰው እኮ እንዲህ አያደርግም! ራሱን የሚነቀንቀው ሰሙና ወርቁ ባንድ ጊዜ ጆሮው ሲገቡ ነው።

ይህን እንድል የገፋፋኝ ሀንስ ሆልባይን በ1533 የሣለው «አምባሳደሮቹ» ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ምስጢር አዳኞች የዚህን ያህል የሚወዱት ሥዕል ጥቂት ነው። በለንደኑ ናሽናል ጋለሪ የሚገኝ ሲሆን ቁመቱም ስፋቱም ሁለት ሜትር ያህል ነው። በግራ የቆመው በእንግሊዙ ንጉሥ በሄንሪ 8ኛ ዘንድ የፈረንሳይ አምባሳደር የነበረው ዣን ደ ዳንትቪል ነው፤ በቀኝ ወዳጁ ጳጳሱ ዦርዥ ደ ሴልቭ አለ። ሁለቱም ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም፤ ከኛ ብዙም አይርቁም። በመካከላቸው ባለው ባለሁለት ደርብ መደርደሪያ ላይ የሰማይና የምድር ሉል፣ የፀሐይ ሰዓት፣ የሒሳብ መጽሐፍ፣ የሉተር መዝሙር፣ ሉት የሚባለው ባለክር የሙዚቃ መሣሪያ ተደርድሯል። የሉቱ አንድ ክር ተበጥሷል። የሒሳብ መጽሐፉም የተገለጠው ማካፈል ላይ ነው። ሄንሪ ከሮማ ቤተ ክርስቲያን ጋር በሚለያይበት ሰሞን ይህን መሣል ቀልድ አይደለም። እስከዚህ ድረስ ምስጢር ፈቺዎቹ ልክ ናቸው።

ከሰዎቹ እግር ፊት ግን አንድ የተንጋደደ ግራጫ ነገር ተጋድሟል። ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያየው ቀለም የተደፋ ይመስላል። ወደ ሥዕሉ ቀኝ ጠርዝ ሄደው፣ ወደ ግድግዳው ተጠግተው ባግድሞሽ ሲያዩት የሰው ራስ ቅል ይሆናል። ፈቺዎቹ «ሞት አይቀርም ማለቱ ነው» ይሉንና መዝገቡን ይዘጋሉ። አዎ፣ ነው። ይህንማ እናቶቻችንም በየለቅሶው ይሉታል፤ ታዲያ ያን ሁሉ ሳንቃ ቀለም መቀባት ምን አስፈለገ?

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ቅሉ ጥርት ብሎ በታየበት ቦታ ሁለቱ ጎልማሶች ከነሐራቸው፣ ከነጠጉራቸው፣ ከነመሣሪያቸው ተጨፍልቀው ይጠፋሉ። ተመልሰው መሐል ሲቆሙ እነሱ ይስተካከላሉ፣ ቅሉ ይፈርሳል። ሁለቱን ካንድ ቦታ ቆሞ አስተካክሎ ማየት አይቻልም፤ ተመልካቹ በእግሩ መሄድ አለበት። ይኸ ከሥዕሉ ጀርባ ተቆፍሮ የሚወጣ ወርቅ ሳይሆን ሥዕሉ ራሱ፣ በሰሙ፣ የሚሠራው ሥራ ነው። የታተመውን ያገኘ ገጹን ባይኑ ትይዩ አጋድሞ ይሞክረው። እኔ የምጠብቀውን እያወቅሁ እንኳ ደንግጫለሁ። በላይኛው ግራ ጠርዝ ደግሞ አረንጓዴው መጋረጃ ሊሸፍነው ጥቂት የቀረው ስቅለት አለ፤ ጠርዙን የከረከመ አታሚ እሱን አብሮ ይቆርጠዋል።

ለፈቺዎቹ የምፈራላቸው ግን ድሬስደን ያለውን የቬርሜርን ሥዕል ነው። አንዲት ልጅ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ደብዳቤ ታነባለች፣ ከኋላዋ ሰፊ ባዶ ግድግዳ። ብቸኝነቷንና ዝምታዋን እዚያ ግድግዳ ላይ ያነበበ ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነኝ። በ1979 በራጅ ሲታይ ከግድግዳው ቀለም ሥር የፍቅር አምላክ የሆነው የኩፒድ ሥዕል ተገኘ። «ቬርሜር ራሱ ሐሳቡን ለውጦ ሸፍኖታል» ተባለ። በዚያም ላይ ሌላ ትርጉም ተቆለለ፦ ፍቅርን ደምስሶ ዝምታን መረጠ፣ ወዘተ። በ2017 ግን የላቦራቶሪ ምርመራ የሸፈነው ቀለም ከቬርሜር ሞት በኋላ በሌላ እጅ የተቀባ መሆኑን አሳየ። ቀለሙ ተፍቆ ሥዕሉ በ2021 ለሕዝብ ሲቀርብ ኩፒዱ ጭንብል ረግጦ በግድግዳው ላይ ቆሟል።

እንግዲህ ያ ሁሉ ወርቅ የማን ኖሯል? ስሙን የማናውቀው የአንድ ቀቢ!

እውነቱን ለመናገር ባዶውን ግድግዳ ዛሬም እወደዋለሁ። ኩፒዱ ልጅቷን ያጣበባት ይመስለኛል፤ ደብዳቤዋንም ካናቷ ላይ ሆኖ የሚያነብባት። ብቻ ስለዚያ ግድግዳ ስጽፍ «ቬርሜር እንዲህ ሊል ፈልጎ» ብዬ መጀመር ከእንግዲህ አልችልም።