ናሙናውን አትፍጩብኝ

የሳንባ ካንሰርን ሥርጭት ለማጥናት አዲስ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ካንሰሩን ወደ አንጎል፣ ወደ አጥንት፣ ወደ ጉበት የሚያደርሰው የትኛው ፕሮቲን ነው?» ጥያቄው ተንኮል የለበትም፤ መልሱን ግን አስቀድሞ ያጣምመዋል። የሚጠብቀው የስም ዝርዝር ነው፤ ከዚያም የትኛው በዛ፣ የትኛው አነሰ የሚል ሠንጠረዥ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ማውጣት አያስቸግርም፤ ናሙናውን ፈጭቶ አር ኤን ኤውን ማንበብ ነው። እኔ ግን ቀለም የጠጣ ስስ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ከሚያዩት ወገን ነኝ። ክርክሬም ይህ ነው፦ በሴል ገጽ ላይ ያለ ፕሮቲን ሥራው ከቦታው አይለይም። ስንት እንደሆነ ከመቁጠር በፊት የት እንደተቀመጠ፣ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ፣ እዚያስ ምን ያህል እንደሚቆይ መታወቅ አለበት። መፍጨት ደግሞ መጀመሪያ የሚያጠፋው ይህንኑ ነው።

ኢ-ካድሄሪንን እንውሰድ። ማሳቶሺ ታኬይቺ ካድሄሪኖች በካልሲየም እየታገዙ ሴልን ከሴል እንደሚያያይዙ ካሳየ ወዲህ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚተረከው ይታወቃል፤ ሙጫው ሲለቅ ሴሉ ቅርጹን ለውጦ ብቻውን ይሾልካል። ትረካው ውሸት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአይጦች የጡት ካንሰር ላይ የታተመ ጥናት፣ ኢ-ካድሄሪን የተነጠቁ ሴሎች በዙሪያቸው ያለውን ሥጋ አብልጠው ቢወርሩም ሩቅ ደርሰው ጎጆ መቀለስ እንደሚያቅታቸውና ብዙዎቹም እንደሚሞቱ አሳየ። «እሱ ጡት ነው፣ ሳንባ አይደለም» የሚለኝ ሰው አልተሳሳተም፤ የአንዱን አካል ሕግ ለሌላው መገልበጥ የሙያችን የቆየ ስንፍና ነው። ሆኖም የሳንባውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከሳንባ አዴኖካርሲኖማ ዓይነቶች መካከል ወደ ሊምፍ ኖድ በመዝለቅ ክፉ ስም ያተረፈው ማይክሮፓፒላሪ የሚባለው ነው። የእሱ ሴሎች ተበታትነው አይጓዙም፤ ተቃቅፈው፣ ትንንሽ ጉብታ ሠርተው ነው የሚሄዱት። ሙጫቸውን ይዘውት ነው የወጡት።

ታዲያ ምኑ ነው የተለወጠው? ወደ ሙክ-1 ስንዞር ነገሩ ይገለጣል። ይህ በስኳር ሰንሰለት የተሸፈነ ረጅም ፕሮቲን በጤነኛው የዕጢ ግድግዳ ላይ መቀመጫው ወደ ውስጠኛው ባዶ ቦታ፣ ፈሳሽና ንፍጥ ወደሚያልፍበት በሚያየው ገጽ ብቻ ነው። በማይክሮፓፒላሪ ጉብታዎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በውጪው ጠርዝ ዙሪያውን፣ ወደ አካባቢው ሥጋ ዞሮ ነው። ካልሲ ተገልብጦ ሲለበስ ክሩም ቀለሙም ያው ነው፤ ብትመዝነውም ለውጥ የለውም። አር ኤን ኤው ሲቆጠርም ሙክ-1 «አለ»፣ ምናልባትም «በዝቷል» ይባላል፤ መገልበጡን የሚናገር ቁጥር ግን የለም። እኔ እንደምረዳው የዚህ ካንሰር ክፋት የሚመነጨው ከዚህ መገለባበጥ ነው። እርስ በርሱ የተጣበቀ፣ ለጎረቤቱ ግን የሚያዳልጥ ጉብታ መያዣ ስለሌለው በቀላሉ ወደ ሊምፍ ሥር ይገባል። ሙጫው ጠፋ ወይስ አልጠፋም በሚለው ክርክር ብቻ ብንቆይ ይህን ጭራሽ አናየውም ነበር።

በነገራችን ላይ ማቅለሙ ራሱም ይዋሻል። የኢ-ካድሄሪን ራስ ከሴሉ ውጪ፣ ጭራው ውስጥ ነው። ኢንዛይም ራሱን ቆርጦ ሲጥለው ጭራውን የሚያውቅ አንቲቦዲ ከተጠቀምን ፕሮቲኑ በሰላም ያለ ይመስላል። «ኢ-ካድሄሪን ፖዘቲቭ» ብሎ ጽፎ አንቲቦዲው የትኛውን ጫፍ እንደሚይዝ የማይነግረን ሪፖርት ግማሽ ሪፖርት ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከሕክምናው ነው። «ክሊኒኩ የሚሠራው በቆጠራ ነው፤ ፒዲ-ኤል 1 የተባለው የሴል ገጽ ፕሮቲን በ50 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ በሆኑት የካንሰር ሴሎች ላይ ከታየ ፔምብሮሊዙማብ የተባለው መድኃኒት ብቻውን ይታዘዛል፤ ቦታ ቦታ የምትለው ለማን ይጠቅማል?» ይላሉ። የዚያን ቆጠራ ደንብ ግን እናንብበው። የሚቆጠረው የሴሉ ሽፋን በከፊልም ይሁን በሙሉ ቀለም ሲይዝ ነው፤ ሳይቶፕላዝሙ ብቻ የቀለመ ሴል አይቆጠርም። የቁጥሩ ሰዎች ሳያውጁት ቦታን ተቀብለዋል። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይቆረቁራል። ሜት የተባለውን የሴል ገጽ ተቀባይ የሚዘጋው ኦናርቱዙማብ በሳንባ ካንሰር ላይ ሲፈተን ሕሙማኑ የተመረጡት በእኛው ቀለም ነበር፤ ሜታቸው በደንብ የቀለመ ተመረጡ፣ መድኃኒቱም ዕድሜያቸውን አላራዘመም። ይህን ሽንፈት መካድ አይቻልም። ቀለሙ ፕሮቲኑ መኖሩን ነገረን፤ ካንሰሩ ኑሮውን በእሱ ላይ መመሥረቱን አልነገረንም።

ኤክሶን 14 የተባለው የጂን ክፍል የጎደለው ሜት ግን ሌላ ታሪክ አለው። በዚያ ክፍል ውስጥ ሲቢኤል የሚባለው ኢንዛይም የሚይዘው ነጥብ አለ፤ ሲቢኤል ምልክት ሲያደርግበት ሜት ከገጹ ተስቦ ወደ ውስጥ ይገባና ይፈርሳል። ነጥቡ ሲጠፋ ሜት ሥራውን ጨርሶም አይወርድም፤ እላይ እንደቆመ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የተፈቀደው ካፕማቲኒብ የተባለው መድኃኒት የሚሠራው ይህ ጉድለት ባለባቸው ሕሙማን ላይ ነው። እዚህ ላይ ፈጪዎቹ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ያንን ጉድለት ያገኘው ማይክሮስኮፕ አይደለም፣ ዲኤንኤና አር ኤን ኤ የሚያነበው መሣሪያ ነው። እውነታቸውን ነው፤ እኔም እቀበላለሁ። የሞተና በፎርማሊን የደረቀ ቁራጭ ፕሮቲኑ በገጹ ላይ ስንት ሰዓት እንደቆየ ሊናገር አይችልም። ሆኖም ግኝቱ የሚለው ምንድን ነው? ሜት ከገጹ መውረድ አቃተው ነው የሚለው። ንባቡ የፈጪዎቹ ይሁን፤ ትርጉሙ የሴል ገጽ ነው።

ይህ ሙያ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ለጠርዝ ማድላትን ነው፤ መሐሉን ትቼ ዳሩን ማየት። ለዚህም ይመስለኛል ካንሰር በአየር ከረጢቶች በኩል ይስፋፋል ወይ በሚለው ጭቅጭቅ የማልሰለቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የሳንባ ዕጢዎች ምደባ ይህን እንደ አንድ የወረራ መንገድ ተቀብሎታል። የሚጠራጠሩት ደግሞ በከረጢቶቹ ውስጥ የሚታዩት ጉብታዎች ሳንባው ሲቆረጥ ቢላዋ የጎተታቸው ናቸው ይላሉ። ሥጋታቸው ባዶ አይደለም፤ ቢላዋ ይጎትታል። ግን ቢላዋ ገንጥሎ የጣለው ጉብታ የተገነጠለበት ጎን ሊኖረው ይገባል፤ በዚያ በኩል የሙክ-1 ቀለበቱ መቋረጥ ነበረበት። ሙክ-1ን ደግሞ ማንኛውም ላቦራቶሪ በለመደው በኢኤምኤ ቀለም ማየት ይቻላል። ስለዚህ ከዋናው ካንሰር ርቆ፣ በአየር ከረጢት መሐል ለብቻው የተቀመጠ ጉብታ ሲቀርብልኝ አስቀድሜ የምፈልገው ራቁቱን የቀረ ጎን ነው።