ቤቱ ቀረ፣ ባለቤቱ ሄደ
ስለ ላሊበላ ከተማ እምብርት እድሳት የቀረበ ሂስ

ሥነ ሕንጻ ከኪነ ጥበብ ዘርፎች አንዱ ስለ መሆኑ ብዙ ተብሏል። ሆኖም የሂስ ብዕር ግጥሙን፣ ልብ ወለዱን፣ ቴአትሩንና ሥዕሉን ሲመረምር ሕንጻውን፣ እንዲሁም የሕንጻዎች ድምር የሆነውን ከተማ ለመሐንዲሱ ብቻ ትቶት ኖሯል። ይህ ቸልታ ጉዳት አለው። ግጥም ቢበላሽ አንባቢው መጽሐፉን ከድኖ ያስቀምጣል፤ ከተማ ሲበላሽ ግን ነዋሪው በውስጡ ይወለዳል፣ ያረጃል፣ ይቀበራል። ስለሆነም ከተማ እንደማንኛውም የጥበብ ሥራ በይዘቱና በቅርጹ ሊመዘን ይገባዋል።

ለዚህ ዓይነቱ ምዘና ከላሊበላ ይበልጥ የሚያመች ከተማ በኢትዮጵያ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። ባለፉት ስድሳ ዓመታት የከተማዋ እምብርት ተጠግኗል፣ ተሸፍኗል፣ ተጠርጓል፤ በዳርቻዋም አዳዲስ ሆቴሎችና ሰፈሮች ተሠርተዋል። የውጭ አገር ገንዘብና ዕውቀት፣ የመንግሥት ዕቅድ፣ የካህናት ጥበቃና የሕዝብ ጉልበት ሁሉም በየፊናቸው ተሳትፈዋል። ጥያቄው እንግዲህ «ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም?» የሚል አይደለም። «የታደሰው ምንድን ነው? የታደሰውስ ለማን ነው?» የሚል ነው።

ድንጋዩና ቤቱ

ላሊበላ፣ በጥንት ስሟ ሮሃ፣ በላስታ ደጋ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናቷ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት መጋጠሚያ በነገሠው በዛጉዌው ንጉሥ በላሊበላ ዘመን እንደ ታነጹ ይነገራል፤ ገድሉም በሥራው መላእክት እንደ ተራዱት ይተርካል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያያቸው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ያየውን ቢጽፍ የሚያምነው እንዳያጣ መሥጋቱን በመጽሐፉ ገልጿል።

የዚህ ጥበብ ምሥጢር በአሠራሩ ላይ ነው። ሌላው ግንበኛ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረበ ወደ ላይ ሲወጣ፣ የላስታው ጠቢብ ከዓለቱ እየቀነሰ ወደ ታች ወርዷል። ያልተፈለገውን አንሥቶ የተፈለገውን አስቀርቷል። ቅጽል እየቀነሰ ስሙን የሚያጠራ ባለቅኔ ይህን አሠራር ሳይነገረው ይረዳዋል። ወንዙ ዮርዳኖስ፣ ኮረብታው ደብረ ዘይት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጎልጎታ ተብሎ መሰየሙም ከተማዋ ገና ከመነሻዋ ሙሉ ሐሳብ ያላት ድርሰት እንደ ነበረች ያመለክታል። ይኸውም ኢየሩሳሌም መድረስ ለማይችለው እግረኛ የቀረበች ኢየሩሳሌም ናት።

ስለ ዓለቱ ይህን ያህል ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው በዓለቱ ዙሪያ ያለው ቤት ነው። የላስታ ቤት ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ የሚገነባ፣ ሣር ክዳን ያለው፣ ባለ ደርብ ክብ ቤት ነው። ምድር ቤቱ ለከብትና ለዕቃ፣ ደርቡ ለሰው ነው፤ ወደ ደርቡ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ በውጭ በኩል ግድግዳውን ተጠግቶ ይሄዳል። ቤተ መቅደሱን የፈለፈለው እጅና ይህን ግድግዳ የካበው እጅ በዘመን ቢራራቁም በጥበብ ዘመዳሞች ናቸው። አንዱ ድንጋይ የጸሎት ቤት ሲሆን ሌላው ድንጋይ የጸሎተኛው ቤት ሆኗል።

የዚህ ቤት ይዘት ሙሉ ሆኖ የሚታየው በገና ሰሞን ነው። ከላስታ፣ ከዋግ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከትግራይና ከሸዋ በሶውን ቋጥሮ ቀናትና ሳምንታት በእግሩ የተጓዘው ተሳላሚ ላሊበላ ሲደርስ የከተማዋ ሰው እግሩን ያጥበዋል፣ ያሳድረዋል፣ ካለው ያካፍለዋል። «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል መልስ ከውስጥ ይሰማል። ታኅሣሥ 29 ቀን ካህናቱ በቤተ ማርያም ከላይ በዓለቱ ጠርዝና ከታች በቅጥሩ ወለል ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲያሸበሽቡ፣ ያን ዜማ የሚሰማው ሕዝብ ያደረው በእነዚህ ቤቶችና በየደጃቸው ነው። ሥርዓቱ ከቤተ መቅደሱ ይጀምራል፤ የሚያልቀው ግን በሰው ደጅ ነው። የከተማዋ እምብርት ሲባል ሊታሰብ የሚገባው ዓለቱና ቤቱ፣ ካህኑና አስተናጋጁ በአንድነት ናቸው።

የጥገናው ታሪክ

የዘመናዊው ጥገና ታሪክ ትምህርት ሰጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ውስጥ የዝናቡን ሥርገት ለመግታት ሲባል አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ሬንጅ ተቀብተው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የሐውልቶች ድርጅት ድጋፍ የሠራው ጣሊያናዊው የሥነ ሕንጻ ባለሙያ ሳንድሮ አንጄሊኒ ካከናወናቸው ዋና ዋና ተግባራት አንዱ ያን ሽፋን ማንሣት ነበር። የእርሱ ጥገና ሊመሰገን የሚገባው በዚህ ነው፤ ከዓለቱ ጥበብ ተምሮ፣ ከመጨመር በፊት መቀነስን አስቀድሟል። እ.ኤ.አ. በ1978 ላሊበላ ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች መካከል ለመሆን በቃች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሐሳብ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምንና ቤተ መስቀልን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን የሚሸፍኑ አራት ትላልቅ መጠለያዎች በብረት ምሰሶዎች ላይ ቆሙ። ዓላማቸው ዝናቡን መከላከል ነበር፤ ይህንንም ፈጽመዋል። ለጊዜው ተብለው የተተከሉት መጠለያዎች ግን ዓመታት አለፏቸው። ክብደታቸው ቅርሱን ይጎዳል የሚል ሥጋት ያደረበት ሕዝብ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አደባባይ ወጥቶ ይነሡልን አለ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላን ጎብኝተው አገራቸው ለጥበቃው እንደምታግዝ ቃል ገቡ።

ስለ መጠለያዎቹ የምሕንድስናው ክርክር ለባለሙያዎቹ የሚተው ነው። የኪነ ጥበብ ፍርድ ግን ሊሰጥ ይችላል። ወደ ታች በመውረድ ክብርን ያገኘ ሕንጻ ከላዩ ሌላ ሕንጻ ሲደረብበት ዋናው ሐሳቡ ይፋለሳል። ሰማይ የዚህ ድርሰት ክፍል ነበር። ተሳላሚው በጨለማው መሽሎኪያ አልፎ ከቅጥሩ ሲወጣ ቀና ብሎ የሚያየው ሰማይ ለሥራው የመጨረሻ ስንኝ ነበር፤ መጠለያው ይህን ስንኝ ሸፈነው። በአንጻሩ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ከብዙ ጥናት በኋላ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 የተጠናቀቀው ጥገና ስንጥቁን በተስማሚ ልስን እየደፈነ፣ የአካባቢውን ሰዎችም በሙያው እያሠለጠነ በመሠራቱ የተሻለ ምሳሌ ሆኗል። ጣራ ያረጃል፤ የሠለጠነ እጅ ግን ሌላውን እጅ ያሠለጥናል።

የተለቀቁት ቤቶች

የእምብርቱ ዕጣ ይበልጥ የተወሰነው ግን በመጠለያዎቹ አይደለም፤ በሰፈሩ መነሣት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ የዓለም ባንክ ብድር ባገዘው የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ካሳ እየተከፈላቸው ተነሥተው፣ አብዛኞቹ ኩራኩር በተባለው አዲስ ሰፈር መኖሪያ እንዲሠሩ ተደረገ። በእንጨትና በጭቃ የተሠሩት ቤቶች ፈረሱ። ባለ ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶች ግን ቅርስ ናቸው ተብለው ቀሩ። ፈረንሳዊቷ የጂኦግራፊ ምሁር ማሪ ብሪዶኖ እ.ኤ.አ. በ2014 ላሊበላን አስመልክታ ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን የከተማዋን ለውጥ በስፋት መርምራዋለች።

ለዚህ እርምጃ የቀረቡት ምክንያቶች ተራ ምክንያቶች አይደሉም። ቤቶቹ ከቅጥሮቹ ጫፍ ድረስ ተጠጋግተዋል፤ የመጸዳጃና የፍሳሽ ችግር ነበር፤ የሚፈስሰው ቆሻሻ ውኃ ለስላሳውን ዓለት ያጠቃል፤ የሣር ክዳን በተፋፈገበት ሰፈር እሳት ቢነሣ ማቆሚያ የለውም። ነዋሪውም ቢሆን ውኃና መብራት፣ ሰፊ ግቢና ንጹሕ መጸዳጃ ይገባዋል። ድህነትን «የጥንት ባህል» ብሎ ማቆየት ለጎብኚ ዓይን ሲባል ሰውን መበደል ነው። ስለዚህ ሂሱ አንድም ሰው መነሣት አልነበረበትም የሚል አይደለም።

ሂሱ ይህ ነው፤ በቤቱና በባለቤቱ መካከል የተደረገው ምርጫ የተገላቢጦሽ ነው። የድንጋዩ ቤት ዋጋ ያለው ቅርስ ነው ተብሎ ቀረ፤ የቤቱን አካካብ፣ የክዳኑን አጣጣል፣ የእንግዳውን አቀባበል የሚያውቀው ሰው ግን እንደ ተራ ዕቃ ተነሣ። ቅርጹ ተይዞ ይዘቱ ተለቀቀ። ጭስ የማይወጣበት የሣር ክዳን ቶሎ ይበሰብሳል፤ በየዓመቱ የማይመረግ የጭቃ ማያያዣ በክረምት ይታጠባል። ይህን ማንም የላስታ ገበሬ ያውቀዋል። ሰው የማይኖርበትን ጎጆ ለማቆየት ዘበኛና በጀት ሲያስፈልግ፣ ሰው የሚኖርበት ጎጆ ግን በነዋሪው እጅ ይጠገናል። ከቴአትር ሙያ ምሳሌ ቢወሰድ፣ ተዋንያኑ ተሰናብተው ትዕይንቱን የሚያሳየው መደብ ብቻ በመድረኩ ላይ እንደ ቀረ ነው።

የአዲሱ ግንባታም መልክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አሮጌው ሰፈር ሰው አልባ ሙዚየም ሲሆን አዲሱ ሰፈር ደግሞ ከአሮጌው ምንም ሳይወርስ በቆርቆሮና በብሎኬት ተሠራ። በገደሉ አፋፍ ከተደረደሩት ሆቴሎች አንዳንዶቹ የላስታን ክብ ቤት በሲሚንቶ ይኮርጃሉ። ክቡ ቅርጽ ጎብኚውን ለመሳብ ይጠቅማል፤ ደርቡ፣ ደረጃው፣ የድንጋዩና የጭቃው ጥበብ ግን የለም። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ የቃላት ድምፅ ይዞ ትርጉም ካጣ ግጥም አይለይም። ግንበኛው በአካባቢው ሳይጠፋ፣ ቀዩ ድንጋይም በእግር ሥር እያለ ባህሉ በጌጥነት ብቻ መቅረቱ የሚያስቆጭ ነው።

ከሌላ አገር የሚገኝ ትምህርት

ይህ ችግር የላሊበላ ብቻ አይደለም። በደቡብ ጣሊያን የምትገኘው ማቴራ ሳሲ በሚባሉት ከዓለት በተፈለፈሉ ሰፈሮቿ የታወቀች ከተማ ናት። ደራሲው ካርሎ ሌቪ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ የዚያ አካባቢ ሕዝብ የሚኖርበትን ድህነት ካጋለጠ በኋላ ጉዳዩ የአገር ኀፍረት ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣ ሕግ 15 ሺህ ያህል ነዋሪዎች ወደ አዳዲስ ሰፈሮች ተዛወሩ። ሰፈሩ ባዶውን ሲቀር ፈራረሰ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1986 ሌላ ሕግ ወጥቶ ውኃና የፍሳሽ መስመር እየገባለት ሰው ተመልሶ እንዲኖርበት ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የዓለም ቅርስ ሆነ። ዛሬ ግን ብዙዎቹ ዋሻዎች የሀብታም እንግዳ ማደሪያ ሆቴሎች ናቸው። ማቴራ ሁለት ነገር ታስተምራለች፤ ባዶ ቅርስ እንደሚፈርስ፣ ዘግይቶ የሚደረግ መመለስም የቀድሞውን ነዋሪ እንደማይመልስ።

ከአገር ውስጥ ደግሞ የሐረር ጁገል አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ግንቡ ብቻውን አልተመዘገበም። በውስጡ የሚኖርበት ሕዝብ፣ የሚጸለይባቸው መስጊዶች፣ በግድግዳቸው ላይ ስፌትና ዕቃ የሚደረደርባቸው የሐረሪ ቤቶች አብረው ተቆጥረዋል። ሐረር ችግር የለባትም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ቅርስና ኑሮ በአንድ ቅጥር ውስጥ ሊኖሩ መቻላቸውን ታሳያለች።

የእድሳቱ መለኪያ

የቅርብ ዓመታት መከራ ለላሊበላ መራራ ማስረጃ ሰጥቷል። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የውጭ ጎብኚ ቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ የተነሣው ግጭት የሰውን ልብ አላሳረፈም። የሆቴሎች በር ተዘጋ፤ አስጎብኚው፣ የመስቀልና የጌጣጌጥ ሻጩ፣ ሸማኔው፣ ጫማ ጠባቂው ሥራ ፈታ። በዚህ ሁሉ መካከል ግን የገና በዓል አልተቋረጠም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የጦርነቱ ቁስል ገና ሳይደርቅ እግረኛው ተሳላሚ መጥቶ አክብሯል። በሹምሸሃ አውሮፕላን ማረፊያ ለሚወርደው እንግዳ ብቻ የታቀደ እምብርት እንግዳው ሲቀር ባዶ ይሆናል፤ በእግሩ ለሚመጣው የታቀደ እምብርት ግን በክፉም ቀን ሰው አያጣም። ይህ ሲባል የውጭ ጎብኚው አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ብዙ ቤተሰብ የሚያድረው በእርሱ ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ እርሱም ቢሆን ሺህ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ የሚመጣው በሕይወት ያለ ነገር ለማየት ነው።

ስለዚህ መፍትሔው አሮጌውን ችግር መመለስ ሳይሆን ይዘቱን ወደ ቅርጹ መመለስ ነው። የቀሩት ባለ ደርብ ቤቶች ተጠግነው ለአብነት ተማሪዎችና ለመምህሮቻቸው፣ ለሸማኔዎችና ለድንጋይ ጠራቢዎች፣ በበዓል ሰሞንም ለተሳላሚዎች ማደሪያ ቢውሉ፣ ኃላፊነቱም ለቀድሞዎቹ ባለቤቶችና ለደብሩ ቢሰጥ ቤቶቹ ያለ ዘበኛ ይጠበቃሉ። ፍሳሹ ከቅጥሮቹ በሚያርቅ ቦይ ሊወሰድ ይችላል። በኩራኩርና በሌሎቹ አዳዲስ ሰፈሮች የሚሠሩ ቤቶች ውኃና መብራታቸው ሳይጓደል በቀዩ ድንጋይና በደርብ እንዲሠሩ የሚያበረታታ የግንባታ ደንብና ብድር ቢኖር፣ የላስታ ግንበኛ ሙያ ከቅርስ ጥገና ሌላ የዕለት ሥራ ያገኛል። መጠለያዎቹ ሲነሡም የሚተካቸው ሌላ ጣራ ብቻ እንዳይሆን፣ በየክረምቱ ስንጥቁን የሚያይ፣ ቦዩን የሚጠርግ፣ ልስኑን የሚያድስ ቋሚ የባለሙያ ቡድን ከልጆቿ መካከል ሊቋቋም ይገባል።

የከተማ ማሻሻል ሥራ በኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ በተፋጠነበት በዚህ ወቅት የላሊበላ ጉዳይ ለሌሎቹም መስፈርት ነው። መንገዱ መስፋቱ፣ ግድግዳው መታደሱ፣ መብራቱ መብዛቱ መልካም ነው፤ የእድሳት ማረጋገጫ ግን አይደለም። ላሊበላ ታደሰች የሚባለው በገና ዋዜማ ማታ፣ አቧራ የለበሰ እግረኛ ከአሮጌው ሰፈር የድንጋይ ደረጃ ግርጌ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ከደርቡ ላይ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል የሰው ድምፅ የመለሰለት ቀን ነው።