የቴሴውስ ትከሻ

የአቴናው መስፍን ቴሴውስ በቀርጤስ ደሴት፣ መግቢያው እንጂ መውጫው በማይታወቅ ሕንፃ ውስጥ፣ ገላው የሰው ራሱ የኮርማ የሆነውን ሚኖታውርን በአንድ እጁ ጨብጦ በሌላው አጭር ሰይፉን ሊሰድድበት የተዘጋጀበትን ቅጽበት የሚያሳየው የነሐስ ምስል፣ ቁመቱ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ የግብረ እድ ሥራ ነው። ቀራጺው ፈረንሳዊው አንቷን ሉዊ ባሪ (1795–1875)፣ የወርቅ አንጥረኛ ልጅ ሆኖ በፓሪስ የተወለደ፣ በኋላም ከሠዓሊው ከዴላክሯ ጋር በከተማዪቱ የአራዊት ማኖሪያ እየተገኘ የአንበሳንና የነብርን ጅማትና አጥንት ሲመረምር የኖረ ሰው በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1843 ይህን ተረት ሲቀርጽ አውሬውን ከጀግናው አላሳነሰውም፤ እንዲያውም ለእኔ ዓይን ነፍስ ያለው፣ እግሩን በጠላቱ ጭን ላይ ጠምጥሞ በሚታገለው በኮርማው ወገን ሲሆን፣ የቴሴውስ ፊት እንደ ጥንት ዘመን ጣዖት በአርምሞ የተዋጠ ነው።

በተማሪነቴ ዘመን የዚህን ምስል አንድ ቅጂ እንዳጸዳ ተሰጥቶኝ፣ በትከሻው ላይ ያለውን አረንጓዴ ኅብር የዘመን እድፍ መስሎኝ በጨርቅና በደቃቅ ዱቄት ብፈትገው፣ ከሥሩ የሚያብለጨልጭ ቢጫ ብቅ አለና እጅግ ደስ አለኝ፤ መምህሬ ግን አይቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ያ አረንጓዴ፣ ምስሉ ከሥራ ቤት ሳይወጣ በእሳት ሙቀትና በመድኃኒት ሆን ተብሎ የለበሰው፣ የሙያው ሰዎች ፓቲና የሚሉት ልባስ ነበር። ጥብቅና ለስላሳ ሆኖ ነሐሱን የሚያቅፈው አረንጓዴ ሌላ፣ በጥፍር ሲነኩት እንደ ዱቄት የሚረግፈው፣ ከጨው የሚመጣውና ብረቱን የሚበላው ፈዛዛ አረንጓዴ ሌላ መሆኑን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ባሪ በ1848 ከስሮ ሞዴሎቹ በአበዳሪዎች እጅ ስለ ወደቁ፣ ከሞተም በኋላ ብዙዎቹን የገዛው ፈርዲናንድ ባርቤዲየን ደጋግሞ ስላፈሰሳቸው፣ አንዱ ቅጂ ከሌላው የሚለየው በሞረዱ አያያዝና በዚሁ ልባስ ነው። (ከነሐስ ላይ ቅርጽ ወስዶ የተሠራ አስመሳይ ግን ነሐስ ሲበርድ ስለሚኮማተር ጥቂት ያንሳል፤ መለኪያ ያልያዘ ገዢ ይታለላል።)

ዛሬ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣልኝ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፌ፣ ስስ ሰም ቀብቼ፣ እጄን እሰበስባለሁ። መምህሬ የገፈፍሁትን ትከሻ መልሶ ለማልበስ ሦስት ቀን ሠርቶበት ኅብሩ ተመሳስሏል፤ ብርሃን ከጎን ሲመታው ግን ቦታውን አውቀዋለሁ።